አዲስ ምዕራፍ በየትኛው አውቶቡስ ይኬዳል?

ለድሮ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ሥራህ እንዴት ነው? ያ ሲበርድ የሚነሳብህ የጀርባ ሕመምስ ተሻለህ? ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርምና ጠየቅኩህ፤ ደህና ነኝ እንዳልከኝ ቆጥሬ ልለፈው። እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ዕድሜ ጤና ሳይነሳት አለች። ከንዴት በስተቀር ምንም አላመመኝም፤ ንዴቱ ግን እህል አላስበላ ብሎኛል።

ባለፈው ማክሰኞ በልብስ ፋብሪካችን የእንግዳ ማረፊያ አዳራሽ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ የነበርኩት እኔ ነኝ። አውቀኸኝ ይሁን አላውቅም። ስትገባ ዓይንህ ፊቴ ላይ አረፈና ወዲያው ጠረጴዛው ላይ ወደተደረደሩት የውኃ ጠርሙሶች ሸሸ። መነጽር አድርገሃል። ፀጉርህም ግንባርህን ትቶልህ ወደ ኋላ ሄዷል። ድምፅህ ግን ያው ነው፣ ያ ቅቤ አንጓች ድምፅ። ከዋናው መሥሪያ ቤት አሠልጣኝ ይመጣል ሲሉን አንተ ትሆናለህ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

የተጠራነው የየክፍሉ ኃላፊዎች ነን። በተሰጠን ወረቀት ራስጌ ላይ «ለውጥን ለሠራተኞች ማብሠር» ይላል። «ማብሠር» የሚለውን ሳይ ደመወዝ ሊጨመር ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝ አይሙት እንዲያጫውት ይባል የለ። ከዚያ ሥራ አስኪያጃችን ተነሳና ነገሩን ፍርጥ አደረገው። አዲስ ማሽን ተገዝቷል፤ የእኔ የአዝራር ክፍል በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ ከቁረጣ ክፍልም ግማሹ ይቀነሳል። ይህን ሲናገር ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ለምን ይንቀጠቀጣል፣ ለእኛ ነው እንጂ ለእነሱ አልተናገረ። ለእነሱ መናገር የእኛ ዕዳ ነው። እንዴት እንደምንናገር ልታስተምረን ደግሞ አንተ ተነሳህ።

አሥራ አራት ሴቶች አሉኝ። ክፍላችን ከመጋዘኑ ጀርባ ናት፣ መስኮቷ ከሰው ቁመት በላይ፣ ማሽኖቹ ሲነሱ ወለሉ እግርህን ይነዝርሃል። የወደቀ አዝራር የማይገባበት ቦታ የለም። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ አዝራር ይወድቃል፣ እናቴ አይታ ጉትቻሽን ጣልሽ ትለኛለች። ከሴቶቹ ሁሉ ትልቋን እማማ እንላታለን፤ እሷ ካኮረፈች ክፍሉ በሙሉ ያኮርፋል። ከሁሉ ትንሿ ራዲዮ ናት፣ ይህን ስም ያወጣላት አፏ ነው። እማማ አልጋ ላይ የዋለ ባል ታስታምማለች። ራዲዮ ወንድሞቿን ታስተምራለች። ሌሎቹም እያንዳንዳቸው ጀርባቸው ላይ ያዘሉት ሰው አላቸው፣ ዘርዝሬ ላሰለችህ አልፈልግም። ለእነዚህ ሰዎች ነው «አብሥሪ» የተባልኩት።

ያስተማርከንን ልድገምልህ፣ ጎበዝ ተማሪ እንደነበርኩ እንድታውቅ። «ይዘጋል» አይባልም፣ «ይሸጋገራል» ነው። ስለ ሰዎቹ አይወራም፣ ስለ ድርጅቱ ነው የሚወራው። መጀመሪያ ማመስገን፣ ቀጥሎ ዘመኑ እንዴት እንደተለወጠ ማውራት፣ ከዚያ ነገሩን መሐል ላይ ጣል አድርጎ እንደገና ማመስገን። ቀን አይጠቀስም። ጥያቄ የሚያነሳ ካለ «ስሜትህን እረዳለሁ» ብሎ ማለፍ። ኃላፊው በር አጠገብ ቢቆም ይመረጣል አልክ። በር አጠገብ የሚቆመው እኮ ሊያመልጥ ያሰበ ሰው ነው። ይህንን እዚያው ልነግርህ አፌ በልቶኝ ነበር።

በመጨረሻ ሁሉንም ጠቅልላ የምትይዝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰጠኸን። «ሁላችንም በጋራ ወደ አዲስ ምዕራፍ እንሸጋገራለን።» እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ድምፅ አስደገምከን። አጠገቤ የነበረው የቁረጣው ኃላፊ፣ መቀስ የምንለው፣ እንዳትጠፋበት መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፋት። እኔ አልጻፍኳትም። እኔ ያቺን ዓረፍተ ነገር ከድሮም አውቃታለሁ።

ከምሳ በኋላ ደግሞ ልምምድ አልክ። አንተ ኃላፊ ትሆናለህ፣ አንድ ሰው ደግሞ ሠራተኛ ይሁን። ከዚያ ሁሉ ሰው ጣትህ ወደ እኔ ዞረችና «እርስዎ፣ ይምጡ እስኪ» አልከኝ። እርስዎ። አራት ዓመት ሙሉ «አንቺዬ» ሲለኝ የኖረ አፍ። ሄጄ ፊት ለፊትህ ተቀመጥኩ፣ ጉልበታችን ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ፈገግ አልክ፣ ጭንቅላትህን ወደ ግራ ዘንበል አደረግክና «ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ልፋትዎ ላመሰግንዎ እወዳለሁ» አልከኝ። አልሰማሁህም፣ ያቺን የዘነበለች ጭንቅላት ነበር የማየው። ሠራተኛዋ ሆኜ «ሥራዬ አለ ወይስ የለም?» ብዬ ጠየቅኩህ። አዳራሹ ሳቀ። አንተም ሳቅክና ወደ ሌሎቹ ዞረህ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ሲገጥማችሁ አትሟገቱ፣ ስሜቷን ተቀበሉላት አልካቸው። ስሜቴን ተቀበልክልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ግን እስካሁን እጄ ላይ ነው።

መቀስ ሐሙስ ጠዋት ለሠራተኞቹ ተናገረ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ያዘዙትን የሚያደርግ ሰው ነው። በር አጠገብ ቆመ፣ አመሰገነ፣ ስለ ዘመኑ አወራ፣ መዳፉን ሰረቅ አድርጎ አየና ያቺን ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጓት ወጣ። ሠራተኞቹ አጨበጨቡለት። ጭብጨባው እኛ ክፍል ድረስ ተሰማ።

ምሳ ሰዓት ላይ ክበብ ስገባ የቁረጣ ሰዎች ፊታቸው በርቷል። ራዲዮ ሮጣ መጣችና የእኛስ መቼ ነው አለችኝ። ምኑ ስላት፣ ቁረጣዎቹ ወደ አዲስ ምዕራፍ ሊዛወሩ ነው፣ እኛን ብቻ እዚህ ጨለማ ውስጥ ልትተዉን ነው እንዴ አለች። አዲስ ምዕራፍ ምን መስሎሽ ነው አልኳት። እንደ ቂል አየችኝ። «ሰፈሩ ነዋ» አለች። አዲስ ሕንፃ የተሠራበት ሰፈር ነው አሉ። ከመናኸሪያው ማዶ ነው የሚል አለ፣ የለም ከድልድዩ በታች ነው የሚልም አለ። አንዷ እንዲያውም የአክስቴ ልጅ የሚኖረው እዚያ ነው፣ ውኃ አይጠፋም ብላ ምላ ተገዝታለች። ያልተስማሙት በየትኛው አውቶቡስ እንደሚኬድ ብቻ ነው።

ሳቅህ ከመጣ ሳቅ። እኔም ልስቅ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ከዚያ ከቁረጣዎቹ አንዱ፣ ጨርቅ የሚዘረጋው ረጅሙ ሰውዬ፣ ቀረብ ብሎ በዚያ በኩል የሚከራይ ቤት ታውቂ እንደሆን ብሎ ጠየቀኝ። ሚስቱ መውለጃዋ ደርሷል፣ ሥራ ሲውል ብዙ እንዳይርቅባት ብሎ ነው። አሁን ያለበትን ቤት በወሩ መጨረሻ እንደሚለቅ ለአከራዩ ደውሎ ነግሮታል። ገባህ? ከሚቀነሱት አንዱ ከሆነ ሥራውም በወሩ መጨረሻ፣ ቤቱም በወሩ መጨረሻ።

መቀስን ከነማንኪያው ከጠረጴዛው አስነስቼ ሰውዬው ፊት አቆምኩትና አሁኑኑ ንገረው አልኩት። መቀስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ መዳፉን ገልብጦ ማንበብ ጀመረ። ስለዚህ እኔ ነገርኩት። የሰው ክፍል ነው፣ አያገባኝም፣ ግን ነገርኩት። አዲስ ምዕራፍ የሚባል ሰፈር የለም፣ ግማሾቻችሁ ልትቀነሱ ነው፣ እነማን እንደሆኑ አላውቅም፣ አከራይህን መልሰህ ደውልለት አልኩት። እዚያው ቆሞ ደወለ። አከራዩ ቤቱን ለወንድሙ ልጅ ቃል ገብቶበታል። ሰውዬው እኔን አልሰደበኝ፣ መቀስን አልሰደበው፤ ሳህኑን ይዞ ሄዶ ብቻውን ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስለቅሰኝ፣ ተሳድቦ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እነዚህን ሰዎች ሞኞች ናቸው ልትል ይሆናል። ሞኝ ልላቸው ያልቻልኩት ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ያቺን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ የሰማኋት ከእናቴ የልብስ ስፌት መኪና አጠገብ፣ እኛ ቤት ነው። ያን ቀን መጀመሪያ አመሰገንከኝ፤ እንዳንቺ ያለ ሰው አላየሁም አልክ። ቀጥለህ ስለ ዘመኑ አወራህ፤ ኑሮ እንዴት እንደተለወጠ፣ ሰው ሁሉ መንቀሳቀስ እንዳለበት። ከዚያ ጭንቅላትህን ዘንበል አድርገህ «ለሁለታችንም አዲስ ምዕራፍ ሊከፈትልን ነው» አልክ። ግንባሬን ሳምከኝና ወጣህ። አሁን ሳስበው በር አጠገብ ነበር የተቀመጥከው።

እኔ ምን ገባኝ መሰለህ? ሊያገባኝ ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ነገረች፤ ለደንበኛ የቆረጠችውን ሁሉ ወደ ጎን ትታ ለእኛ የአልጋ ልብስ መስፋት ጀመረች። ወደ ሌላ ከተማ መዛወርህን፣ እዚያም ቤት መከራየትህን የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ከባልደረባህ ነው። እሱም እንደማውቅ ቆጥሮ ነው ያወራኝ። ለእናቴ መንገር ደግሞ የእኔ ዕዳ ሆነ። የአልጋ ልብሱ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ አለ፣ አንድ ጠርዙ አልተዘመዘመም። ቁረጣዎቹ አውቶቡሱን የጠየቁት ግማሽ ቀን ነው። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ፌርማታው ላይ ቆሜ ነበር።

ዋሸኸኝ አልልህም። አልዋሸህም፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። የዋሸ ሰው ዋሽተሃል ይባላል፣ ይፋጠጡታል፣ ያፍራል። አንተን ምን ይሉሃል? የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው፣ ዋናው ነገር ግን አልተነገረም። ደግሞ ይህንን ችሎታ ብለህ ለሌላ ሰው ታስተምራለህ። በእኔ ላይ ተለማምደህበት እንጀራ አበጀህበት።

ዓርብ ከሥራ መውጫ ቀደም ብዬ ማሽኖቹን አስቆምኩ። የአዝራር ካርቶን ስቤ መሐላቸው ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ክፍላችን በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ ሥራ አይኖራችሁም፤ እኔን ወደ ጥራት ፍተሻ ክፍል ሊያዛውሩኝ አስበዋል። የመጨረሻዋን ከሌላ ሰው ከሚሰሟት ከእኔ ይስሟት ብዬ ነው። ከዚያ እማማ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «አንቺስ ዳንሽ፣ እሰይ» አለችኝ። ምስጋና ጠብቄ አልነበረም፣ ግን ይቺ ቃል አጥንቴ ውስጥ ገባች። አንዷ አለቀሰች። አንዷ ሰደበችኝ፣ እናቴንም ጨምራ። ራዲዮ ብቻ ምንም አላለችም፣ የዚያች ልጅ አፍ ተዘግቶ ሳይ ነው ነገሩ ለራሴም የገባኝ።

ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። የመጨረሻው ደመወዝ መቼ ነው፣ የሥራ ልምድ ወረቀት ይጻፍልናል ወይ፣ ማሽኑ ቢበላሽ መልሰው ይጠሩናል ወይ። የማውቀውን መለስኩ፣ የማላውቀውን አላውቅም አልኩ። ልሸኛቸው ተነስቼ «ደህና ሰንብቱ» ልል ብዬ ተውኩት። ሰው የምንመርቅበትም የምናባርርበትም ስንብት አንድ ቃል መሆኑን ያን ዕለት ነው ያስተዋልኩት። በእጄ ብቻ ሸኘኋቸው።

ሰኞ ጠዋት እማማ መጣች። ፊቷን እንደቋጠረች ነው። የሁለት ሰዓት ፈቃድ ስጪኝ፣ ሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ይፈልጋል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልጠይቅ አለች። ሰጠኋት። ራዲዮንም ይዛት ሄደች። ይኸው ነው ልዩነቱ። ያልተነገረው ሰው አውቶቡስ ይጠይቃል፣ የተነገረው ሰው ሥራ ይጠይቃል።

ሥራ አስኪያጁ ሳይሰማ አልዋለም። አስጠርቶኝ ጠረጴዛውን እየደበደበ የተሰጠሽን ቃል ለምን አልተናገርሽም አለኝ። ሠራተኛው ሥራ እያቆመ ደጅ ሊጠና ነው፣ ትእዛዝ ሊዘገይ ነው፣ ይህ ሁሉ ባንቺ አፍ ነው አለ። አሠልጣኙ ያን ያህል ለፍቶ አዘጋጅቶሽ፣ እሱ ምስኪን እንኳ ብሎ ጀመረና አቆመ። እሱ ምስኪን እንኳ ምን አልኩት። መቼም ከእኔ ዝም ብሎ የሚያመልጥ ሰው የለም፣ ከአንተ በቀር። ቆሜ ጠበቅኩት፤ አልወጣም አልኩ። በመጨረሻ ድምፁን ቀነስ አድርጎ ነገረኝ። ነገሩ በአንቺና በእኔ መካከል ይቅር፣ እሱ ገና አልሰማም፣ ከሰማ የቀረውን ሥራ በደንብ አይሠራም አለኝ። ታዲያ ማን ነው የሚነግረው አልኩት። አለቃው ይነግረዋል፣ በሠለጠነው መሠረት አለኝ። እየቀለደ አልነበረም።

ለፍተሻ ክፍሉም እንደማልሆን አያይዞ ነገረኝ። እኔም ከሴቶቹ ጋር በወሩ መጨረሻ እወጣለሁ። ይህችን እንኳ ያለ ምስጋና፣ ፊቴን እያየ ነው የነገረኝ፣ ወደድኩለት።

መጀመሪያ ደስ ሊለኝ ነበር። የእጁን ይስጠው ብዬ እስከ ቤቴ ደጃፍ ድረስ ለራሴ እያልኩ ሄድኩ። ደስታው ግን አልመጣ አለኝ፣ ይልቅ ንዴቱ ባሰብኝ። ባንተም ተናደድኩ፣ ባስተማርካቸውም ተናደድኩ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ላንተ ብዬ በመናደዴ በራሴ ተናደድኩ። ይህን ቀጥሎ የምጽፈውን ከሰላምታው ቀጥሎ መጻፍ ነበረብኝ። ላለሳልስልህ ብዬ አይደለም ያቆየሁት፣ ንዴቴ ቀድሞኝ ነው።

የሥልጠና ክፍላችሁ ይዘጋል። የቀሩህን ሦስት ፋብሪካዎች አሠልጥነህ ስትጨርስ ሥራ አይኖርህም። ተወስኗል፣ ወሬ አይደለም፣ ከሥራ አስኪያጁ አፍ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አለቃህ አስጠርቶህ ስለ ልፋትህ ማመስገን ከጀመረ ያን ጊዜ ዘግይቷል፣ ዛሬውኑ ሥራ መፈለግ ጀምር። ቤት ለመቀየር ያሰብክ እንደሆነ አትቀይር። የምትበደር እንደሆነ አትበደር። አሁን ስታነበው ምን እንደሚሰማህ አላውቅም፣ ስሜትህን እረዳለሁም አልልህም።

ፈጣሪ ጤናህን አይንሳህ። የሚበላ እንጀራ፣ የምትሠራው ሥራ አያሳጣህ። ክፉ ቀን ሲመጣብህ ፊትህን አይቶ የሚነግርህ ሰው አያሳጣህ፤ አንተንም እንደዚያ ያለ ሰው ያድርግህ። ይህንን የምመርቅህ ከልቤ ነው፣ ንዴቴ ስላልበረደ ቢጎረብጥህም ተቀበለው።

ከሦስቱ ፋብሪካዎች አንዱ ከእኛ ከተማ ዳር ያለው ነው ብለውኛል። ቤታችን ያው የድሮው ነው፣ ከእናቴ ጋር ነኝ። በሩን የምትከፍትልህ እሷ ናት። ጆሮዋ ከብዷል፤ ተድበስብሶ የተነገራት አይሰማትም፣ እንግዳ ሲያንሾካሹክባት ደግሞ በሩን ትዘጋለች። ስለዚህ ደጃፉ ላይ ቆመህ፣ ለምን እንደመጣህ ጮክ ብለህ፣ በአጭሩ ንገራት። ከሰማችህ ትጠራኛለች።

የድሮ ወዳጅህ